ሳይበሉ የሚወጣ ስኳር፦ ጭንቀት፣ ምሬትና የመለኪያው ቁጥር

የትናንት እራትና የዛሬ እራት አንድ ነው። መጠኑም ያው። መድኃኒቱም በሰዓቱ ተወስዷል። ትናንት ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ የደሙ ስኳር ሲለካ 148 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ዛሬ 231። ሰውየው መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል ብሎ እጁን ታጠበና ሌላ ጣቱን ወጋ። 227።

የተለወጠ ነገር አንድ ብቻ ነው። ከእራት በፊት ስልክ ተደውሎ ነበር። ሃያ ደቂቃ የቆየ፣ በሰላምታ ተጀምሮ በጩኸት ያለቀ ስልክ። ከዚያ በኋላ ምግቡ አልዋጥ ብሎት ነበር፤ መድኃኒት ወስዷልና እንደምንም በላ። አሁን ደግሞ ከሳሎን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ዛሬ ደግሞ ምን በልተህ ነው?»

ስኳር ያለበት ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። «ከወትሮው የተለየ ምንም» ብሎ ሲመልስ ማንም አያምነውም። አንዳንዴ ራሱም ራሱን ይጠራጠራል። ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው በአፍ የገባ ነገር ብቻ አይደለምና።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎችም አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 ከ20 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮኑ ከስኳር ጋር ይኖሩ ነበር። ከ9 አዋቂ አንዱ ማለት ነው። ፌዴሬሽኑ ኖቬምበር 14 ለሚከበረው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ከ2024 እስከ 2026 የመረጠው ርዕስም ከሕመሙ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች ደኅንነት የሚመለከት ነው፤ የውስጣቸውንም ጭምር። እዚህ የማብራራው ያን የውስጡን ነገር ነው።

ንዴት እንዴት አድርጎ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል?

መጀመሪያ ሁለት ልኬቶችን እንያዝ። ጤነኛ የሆነ አንድ አዋቂ ሰው ደሙ በሙሉ ቢሰበሰብ በውስጡ ያለው ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ጉበት ደግሞ ለክፉ ቀን ብሎ ወደ 100 ግራም የሚሆን ስኳር አሽጎ ያስቀምጣል። ጉበትን ጎተራ በሉት። ደሙ በሻይ ማንኪያ ለሚለካ ሰው ጎተራው ትንሽ ገርበብ ማለቱ ብቻ ብዙ ነው።

ጎተራውን የሚያስከፍተው አደጋ ነው። ችግሩ ሰውነታችን ጅብ ሲያሳድደንና አለቃ ሲቆጣን ብዙም አይለይም። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይረጫል። ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው በደም በኩል የሚልከው መልእክተኛ ነው። አድሬናሊን ልብን ያስመታል፣ እጅን ያልባል፣ ጉበትንም «ስኳሩን ልቀቅ፣ ጡንቻ ሊሮጥበት ነው» ይለዋል። በዚያው አፍ ቆሽትን ኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሶች የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ቀንስ ይለዋል። ይህ ሁሉ የሰከንዶችና የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ነገሩ ሲረዝም ኮርቲዞል ይከተላል። ኮርቲዞል አይቸኩልም፤ ለሰዓታት ይቆያል፤ ጭንቀቱ ካልለቀቀ ደግሞ ቀናትንም ይከርማል። ጉበት ከፕሮቲን ሳይቀር አዲስ ስኳር እንዲሠራ ያዛል። ጡንቻና ስብ ደግሞ ኢንሱሊን መጥቶ ሲያንኳኳ በሩን ቶሎ እንዳይከፍቱ ያደርጋል። ስኳሩ ይመረታል፣ መግቢያ ግን ያጣል።

ከጅብ የሮጠ ሰው ያን ነዳጅ በእግሩ ያቃጥለዋል። ስልኩን ዘግቶ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የት ያድርሰው?

ስኳር የሌለበት ሰው ላይም ይኸው ሁሉ ይደርሳል። ልዩነቱ ቆሽቱ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወዲያው ኢንሱሊን ይለቅና ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ቆሽት ኢንሱሊን አያመርትም፤ ወይም ያመርታል ለማለት አያስደፍርም። ጠዋት የተወጋው መርፌ የማታውን ስልክ አስቀድሞ አያውቅም። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ቆሽቱ ይመልሳል፣ ግን ዘግይቶና አንሶ። የሰውነት ሕዋሶችም ለኢንሱሊን ይለግማሉ።

ሁሉም ሰው ላይ እኩል ይታያል ማለት ግን አይደለም። በተለይ የመጀመሪያው ዓይነት ካለባቸው መካከል ሲጨንቃቸው ቁጥሩ የሚወርድባቸውም አሉ። በሌላ ሰው ልክ ራሳችሁን አትለኩ።

ይህ አዲስ ግኝት ነው?

አይደለም። በ1600ዎቹ የኖረው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ፣ የሕመምተኞቹ ሽንት ማር ማር እንደሚል የጻፈው ያው ሰው፣ የበሽታውን መነሻ ከረዥም ሐዘን ጋር አያይዞት ነበር። መነሻውን ስቷል። ሐዘንና ስኳር እንደሚተዋወቁ ግን አልጠፋውም።

ነገሩን በሙከራ ያሳየው አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ባልደረቦቹን ይዞ የተናደዱና የፈሩ ድመቶችን ሽንት መረመረ፤ ስኳር አገኘበት። አስቡት፤ ስኳሩን ያመጣው ምግብ ሳይሆን ንዴት ነው። ያስቆጣት አጠገቧ የሚጮኽ ውሻ ሊሆን ይችላል። በሰው ቢሆን ስኳር ሽንት ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ደም ውስጥ ያለው ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ነው። ትንሽ ጭማሪ አልነበረም ማለት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ካነን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ከአንድ ትልቅ ግጥሚያ በኋላ አስመረመረ። ከ25ቱ በ12ቱ ሽንት ስኳር ተገኘ። ከ12ቱ ደግሞ 5ቱ ሜዳ ጭራሽ ያልገቡ ተቀያሪዎች ነበሩ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «አሁን እጠራለሁ፣ አሁን እጠራለሁ» ሲሉ የዋሉ ልጆች። እነሱ የስኳር ሕመም የለባቸውም። የሚሠራ ቆሽት ያለው ወጣት እንዲህ ከሆነ የማይሠራ ያለውማ ምን ይበል?

ታዲያ «ንዴት ነው ስኳር ያመጣብኝ» የሚለው እውነት ነው?

እንዲህ በቀጥታ አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ የቆሽትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሶች ሲያጠቃ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ የዘር፣ የክብደት፣ የዕድሜ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ ድምር ነው። ረዥም ጭንቀትና ድብርት ያለባቸው ሰዎች ለሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ እንደሚጋለጡ ይታወቃል። «በዚያ ቀን ስለተናደድኩ ያዘኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቀን የሆነው ስኳሩ መምጣቱ ሳይሆን መገኘቱ ነው። ሰው ተናዶ ሐኪም ቤት ሄደ፣ ደም ተመረመረ፣ ቆይቶ የነበረ ስኳር ታወቀ።

ሆርሞን ብቻ ነው?

ሌላ መንገድ አለ። ይኼኛው በእጅ በኩል ነው የሚሄደው። እንዲያውም ለወራት የሚቆየውን ከፍታ ይበልጥ የሚያመጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስኳር ሥራ ነው። ደመወዝም ዕረፍትም የሌለው። መለካት፣ መቁጠር፣ መዋጥ፣ መወጋት፣ ከመተኛት በፊት ማሰብ፣ ከመንገድ በፊት ማሰብ። ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ «ነገ እለካለሁ»፤ ከዚያ «ለካሁ አልለካሁ ያው ነው»፤ ከዚያ መሳቢያው ጭራሽ አይከፈትም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩን ማየት ስለሚያመው ነው። ጣቱን የምትወጋው መርፌ አይደለችም የምታመው፣ ከመርፌዋ በኋላ የምትመጣዋ ቁጥር ናት።

እንቅልፍም አለ። ጭንቀት እንቅልፍ ይነሳል፤ በቂ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ በማግስቱ ኢንሱሊንን በደንብ አይሰማም። ሆድ ሲባባ ጣፋጭ ነገር ያምራል። ከቤት መውጣት ያስጠላል፣ እግር ይታሰራል። እያንዳንዱ ትንሽ ናት፤ ሲደመሩ ግን ሦስት ወር ይሞላሉ።

አንድ ብዙ የማይወራ ፍርሃትም አለ፦ ስኳር ይወርድብኛል የሚለው። አንዴ ሌሊት ላይ ወርዶበት በላብ ተጠምቆ የነቃ ሰው፣ ወይም ሰው መሀል ራሱን የሳተ፣ ያ ነገር እንዳይደገም ብሎ ቁጥሩን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከመተኛቱ በፊት ሳይርበው ይበላል፣ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል። ሐኪሙ የሚያየው «መመሪያ የማይከተል ሰው» ነው። ሰውየው ግን በራሱ ዓይን ነፍሱን እያዳነ ነው።

ምሬት ነው ወይስ ድብርት?

እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

ድብርት (ድባቴ) ሕመም ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ደስታ ይጠፋል፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ተስፋ ይዛባል። ኑሮውን በሙሉ ያለብሰዋል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ይጋለጡበታል።

ሌላው የስኳሩ የራሱ ጣጣ የሚያመጣው ጫና ነው። ባለሙያዎች ለብቻው ስም ሰጥተውታል፤ በእኛ ቋንቋ የሚስማማው «ምሬት» ይመስለኛል። የስኳር ምሬት። ቃሉ ራሱ ይገርማል፤ ስኳርን አስቀምጦ የሚመር ነገር። ይህ ሰው ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ይስቃል፣ ሥራው ላይ ጎበዝ ነው። ስለ ስኳሩ ሲነሳ ብቻ ፊቱ ይጠቁራል። «መረረኝ» ይላል። ታሟል ማለት አያስኬድም። ከባድ ነገር ለረዥም ጊዜ የተሸከመ ሰው ትከሻው ቢዝል ምን ይደንቃል?

እ.ኤ.አ. በ1995 ቦስተን የሚገኘው የጆስሊን የስኳር ሕመም ማዕከል ተመራማሪዎች ይህን የሚለካ መጠይቅ አወጡ። 20 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠውና ድምሩ ወደ 100 ይቀየራል። 40ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ምሬቱ ከባድ ነው ይባላል። ጥያቄዎቹ ሰው በሆዱ የሚይዛቸው ናቸው፤ ወደፊት ይገጥመኛል ስለሚለው ጉዳት መፍራት፣ ሕክምናውን ሲያጓድል የሚሰማው ጥፋተኝነት፣ ስለ ምግብ ዘወትር ማሰብ፣ የሚረዳኝ የለም የሚል ስሜት።

በኋላ የተሠሩ መጠይቆች ምሬቱን በአራት በኩል ያዩታል። አንዱ ሸክሙ ራሱ ነው። ሌላው ሕክምናውን መከተል የሚያመጣው መታከት። ሦስተኛው ሐኪሙ አይሰማኝም የሚል ቅሬታ። የመጨረሻው ቤተሰብና ወዳጅ ነው፦ ወይ ጉዳዩን ቁብ የማይሰጡት፣ ወይ ደግሞ እንደ ፖሊስ የሚከታተሉት። ከየትኛው በኩል እንደሚመጣ ማወቁ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ያስከፋው ሰውና የሌሊት መውረድ ያስፈራው ሰው መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

በሁለተኛው ዓይነት ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ምሬቱ ከፍ ያለባቸው ሰዎች 36 በመቶ ገደማ ሆነዋል። ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ ነው።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? ከቁጥሩ ጋር ይበልጥ ተጣብቆ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ድብርቱ ሳይሆን ምሬቱ ስለሆነ ነው። ድብርት በመድኃኒት ወይም በንግግር ሕክምና ሲታከም ሰውየው ይሻለዋል፤ መታከምም አለበት። ስኳሩ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይወርድም። ለመረረው ሰው የድብርት ክኒን ሰጥቶ መሸኘት ጫማ ለጠበበው ሰው የራስ ምታት መድኃኒት እንደመስጠት ነው።

ስኳሩስ ስሜትን አይነካም?

ይነካል እንጂ። መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው። ቁጥሩ ሲወጣ ሰው ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ አይሰበሰብም። ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ላብ ይላል፣ ፍርሃት ይወራል። ልብ በሉ፤ ይህ ከድንገተኛ ጭንቀት ጋር አንድ ዓይነት ስሜት ነው። መልእክተኛውም ያው አድሬናሊን ነው።

ስለዚህ «ጨንቆኝ ነው፣ ይለፈኛል» ብሎ መተኛት አደገኛ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መለካት። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር መውሰድ፣ ለምሳሌ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፤ ካልተስተካከለ መድገም። መለኪያ አጠገብ ከሌለ እንደወረደ ቆጥሮ ስኳሩን መውሰድ ይሻላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ቶሎ የሕክምና እርዳታ መጥራት ነው።

አንድ የንዴት ቀን ምን ያህል ይጎዳል?

ብዙም አይደለም። ሐኪሞች የሚያዩት ኤዋንሲ የሚባለው የሦስት ወር ምርመራ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ በኖረበት ጊዜ ሁሉ ስኳር እየተለጠፈበት ይሄዳል። ምርመራው የሚለካው የተለጠፈውን ነው። ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ከ7 በመቶ በታች ሲሆን፣ 7 በመቶ ማለት በአማካይ 154 ገደማ ነው። የአንድ ማታ 231 እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። የማትጠፋው መሳቢያ የገባው መለኪያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። «ፈተናውን ወደቅሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ኤዋንሲያቸው ከፍ ብሎ ሲመጣ። ሐኪሞችም «ጥሩ ቁጥር፣ መጥፎ ቁጥር» ይላሉ። ትኩሳቱን ለክቶ «ወደቅሁ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከሁሉ የሚቀድመው ማድረግ የሌለባችሁ ነገር ነው። በንዴት የወጣ ቁጥር አይታችሁ በላዩ ላይ ኢንሱሊን አትደራርቡ። ፈጣኑ ኢንሱሊን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሠራል። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ሲጨመር፣ ንዴቱም ሲበርድ፣ ቁጥሩ ሌሊት ላይ ቁልቁል ሊሄድ ይችላል። ማስተካከያው መቼና ምን ያህል እንደሚሆን ከሐኪም ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው፤ በሰላሙ ቀን።

ሁለተኛው ቀላል ነው። ቁጥሩን ስትጽፉ አጠገቡ አንድ ቃል ጻፉ። «ስልክ»። «እንቅልፍ የለም»። «ፈተና»። «ሰላም»። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። እሑድ ማታ ሁልጊዜ የሚወጣበት ሰው የእሑድ እራቱን ሲወቅስ ኖሮ፣ ነገሩ የሰኞ ሥራ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ቀጠሮ ሲደርስም ያን ደብተር ይዞ መሄድ ነው። «ውስጤ ትክክል አይደለም» ከማለት «እነዚህን ስድስት ቀናት እዩልኝ» ማለት ይቀላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያም ሐኪሞች ስለዚህ ጫና በየጊዜው እንዲጠይቁ ይመክራል። ካልጠየቁ ግን እናንተ አንሱት።

ምሬቱን የሚያቀልለው ብዙ ጊዜ ችግሩን ቆርሶ መያዝ ነው። «ስኳሬን አስተካክላለሁ» ብሎ መነሳት ተራራን በአንድ እርምጃ ነው። «በዚህ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብቻ እለካለሁ» ይቻላል። ሌሊት መውረድ የሚያስፈራው ሰው መድኃኒቱ ወይም መጠኑ እንዲታይለት ይጠይቅ፤ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን እየተከታተለ ሲወርድ የሚጮኽ መለኪያ ካገኘም ብዙ ያሳርፈዋል። ስኳር ካለባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ማውራትም ይረዳል። «እኔም ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር» የሚል ሰው ማግኘት ከምክር ይበልጣል።

የእግር ጉዞስ? ጥሩ ነው፤ ጉበት የለቀቀውን ነዳጅ ጡንቻ ይጠቀምበታል። የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ሰው ግን ቁጥሩ ከ250 በላይ ከሆነ ከመንቀሳቀሱ በፊት ኪቶን ይመርመር። ኪቶን ማለት ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስብ ሲያነድ የሚተርፍ አሲድ ነው። ኪቶን ካለ እንቅስቃሴ ያባብሰዋል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከታከለበት ደግሞ የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። ኢንሱሊን ሆን ብሎ የተወ ወይም መኖር የሰለቸው ሰውም እንዲሁ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሰው አጠገቡ ሆኖ ሐኪም ይየው።

ቤተሰብስ ምን ይበል?

«ምን በልተህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር ነው የሚመጣው፤ ሰሚው ጋ ሲደርስ ግን ምርመራ ይሆናል። ሰው ደግሞ ሲመረመር ይደብቃል፦ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ የበላውን አይናገርም፣ በመጨረሻ ብቻውን መለካት ይጀምራል። የሚሻለው መጠየቁን መተው ሳይሆን ጥያቄውን መለወጥ ነው። ምን ላግዝህ? ልተውህ ወይስ አብሬህ ልቀመጥ? አንዳንዱ አብሮት የሚራመድ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ለአንድ ማታ ስለ ስኳር የማያወራ ሰው።

የዚያን ማታው ሰውዬ 231ን ደብተሩ ላይ ጻፈ። አጠገቡ ያለው ቦታ ጠባብ ነበር፤ «ስልክ» ለመጻፍ ግን በቃው።